የማይፈለግ ዕቃ ከቤት ማውጣት፦ ልብ እንቢ ሲል ምን ይደረግ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

አልጋ ስር ሻንጣ፣ ቁም ሳጥን ላይ ካርቶን፣ በረንዳ ላይ እግሩ የወለቀ ወንበር። ቤቱ ጠበበን እንላለን እንጂ ቤቱ ድሮም ያው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም፣ በኪራይ ቤት ወይም በቤተሰብ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ሌላ ከተማ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

ሁሌ "ቅዳሜ አወጣዋለሁ" እላለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ወኔው የለም። ተነሳሽነት ከየት ይመጣል?

ከሰው። ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀው አይመጣም።

ዕቃ ከቤት የሚወጣው ወሳጅ ሲኖረው ነው። ያ ካርቶን ለዓመታት ጥግ ይዞ የተቀመጠው ስለምትወዱት አይደለም። ማን እንደሚወስደውና መቼ እንደሚወስደው ስላልተቆረጠ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ገልብጡት። መጀመሪያ ወሳጁን ያዙ፣ ከዚያ ለዩ። በሰፈራችሁ የሚዞረውን ቆራሌ "እሁድ ጠዋት ብቅ በል" በሉት። ለእህታችሁ ደውሉና "የልጆቹ ልብስ ተዘጋጅቷል፣ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ" በሏት። ገና አልተዘጋጀም፣ ግድ የለም። ቃል ስለወጣ ይዘጋጃል። እንግዳ ደጅ ላይ ነኝ ብሎ ሲደውል ቤቱ በስንት ደቂቃ እንደሚሰበሰብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህም የሚሠራው ያው ጉልበት ነው።

ቀን መምረጥ ለሚፈልግ ከጳጉሜ የተሻለ የለም። አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ስድስት። ለእንቁጣጣሽ መጋረጃ መውረዱ፣ ምንጣፍ መታጠቡ አይቀርም። ዕቃው አንዴ ከተነሳ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት "ይመለስ ወይስ ይሂድ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ተጨማሪ ሥራ የለውም።

ግን ለምንድነው እንዲህ የሚከብደን? ስግብግብነት ነው?

አይደለም። ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም።

በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን የወሰደ ሰው ባዶ ጣሳ አይጥልም። ያ ትውልድ ልጆቹን ሲያሳድግ "ዕቃ መጣል ጥጋብ ነው" ብሎ ነው ያሳደገው። ልጆቹ እኛ ነን። የኑሮ ውድነቱም ነገሩን አላቀለለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዛሬ የሰጣችሁትን ጭማቂ መፍጫ ነገ ልግዛው ብትሉ በድሮው ዋጋ አታገኙትም። ስለዚህ "ይቀመጥ" ማለት ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም አለበት።

ሒሳቡ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። የሚሠራውንና የማይሠራውን እኩል ያስቀምጣል። የሚሠራ ጭማቂ መፍጫ ማስቀመጥ ቁጠባ ነው። ሞተሩ የተቃጠለውን ከጎኑ ማስቀመጥ ግን ቦታ ማጣት ብቻ ነው። ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ለእሱም እየከፈላችሁለት ነው።

ከየት ልጀምር?

ከፎቶ አልበም አትጀምሩ። ከእናታችሁ ደብዳቤም አትጀምሩ። እዚያ ከገባችሁ ሲመሽ አንድ ዕቃ ሳታወጡ ዓይናችሁ አብጦ ትገኛላችሁ።

ከወጥ ቤት ጀምሩ፣ ከፕላስቲክ ዕቃ መደርደሪያው። ሁሉንም መሬት ላይ አውርዱት። ክዳን ያላቸውን ከክዳናቸው ጋር አጋጥሙ። ዕቃ የሌለው ክዳን ይተርፋል፣ ክዳን የሌለው ዕቃም ይተርፋል። የአይስክሬም ባልዲ፣ በርበሬ ኖሮባት ሽታው እንቢ ያላት ጎድጓዳ ሳህን፣ አፏ የተሰነጠቀ ጆግ፣ ሦስት የዱቄት ወተት ጣሳ፤ አንዱ ውስጥ የቆየ ተልባ፣ አንዱ ውስጥ የሻማ ቁራጭ፣ ሦስተኛው ውስጥ ምንም። ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል አለ። የሌለበት ቤት ካለ ንገሩኝ።

ወጥ ቤት የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። እዚያ ያለ ዕቃ ልብ አይነካም፣ ውሳኔው ፈጣን ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። በማግስቱ ድስት ለማውጣት ሌላ ሦስት ድስት ማንሳት ሲቀር ለቁም ሳጥኑ ወኔ ይመጣል።

"ለአንድ ዓመት ያልነካኸውን አስወጣ" የሚባለው ምክር ይሠራል?

ለሸሚዝ ይሠራል። ለቤታችን ሁሉ ግን አይሠራም።

ትልቁ ድስት ለአንድ ዓመት ላይነካ ይችላል፤ ክርስትና ሲመጣ ግን እሱን የሚተካ የለም። ጀሪካንም እንደዚያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ጀሪካን ትርፍ ዕቃ አይደለም። የከሰል ማንደጃውም መብራት እስካለ ድረስ ነው ትርፍ የሚመስለው። ከውጭ የተቀዳ ምክር እነዚህን አያውቃቸውም፣ አትስሙት።

ግን ልክ ይኑረው። ጀሪካን ስንት ያስፈልጋችኋል? ውሃ ጠፍቶ የሚቆይበትን የሰፈራችሁን ልማድ ታውቃላችሁ። ለዚያ የሚበቃውን፣ የማያፈሰውን፣ ክዳን ያለውን አስቀሩ፤ የቀረው ይሂድ። ለትልቁ ድስት ደግሞ ዕድራችሁን ጠይቁ። ብዙ ዕድሮች ድስት፣ ሳህን፣ ወንበርና ድንኳን አላቸው፣ ለአባል ያውሳሉ ወይም በትንሽ ገንዘብ ያከራያሉ። የአንድ ብሎክ ነዋሪ በሙሉ ለየራሱ የሠርግ ድስት በኮንዶሚኒየም በረንዳ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ቆራሌው ምን ይወስዳል? ልዋጭስ?

ቆራሌው የማይወስደውን መዘርዘር ይቀላል። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የድሮ ድስት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ የተበላሸ ምድጃ፣ የወለቀ የውሃ ቧንቧ፣ ያረጀ ጫማ፣ ሁሉም ይሄዳል። ከእሱ እጅ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ጫማ ይሆናል። ወደ ምናለሽ ተራ ጎራ ብሎ የሚያይ ሰው ስለ "ቆሻሻ" ያለው ሐሳብ ይለወጣል።

ዋጋ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። ሁሉም ብረት እኩል አይደለም። መዳብ ከሁሉም ውድ ነው፣ አሉሚኒየም ይከተላል፣ ተራው ብረትና ቆርቆሮ ከታች ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የአሉሚኒየም ድስቱን ከቆርቆሮው ጋር ደባልቃችሁ "ለሁሉም ስንት?" አትበሉ። ለይታችሁ አቅርቡ። ቆራሌው ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ፣ ድስቱን ገልብጦ፣ በጣቱ ቂጡን መታ መታ አድርጎ፣ ፊቱን ያጨማድዳል።

"እትዬ፣ ይሄማ አልቋል እኮ።"

"ካለቀማ ተወው።"

"ኧረ እንነጋገር፣ እትዬ።"

ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ችሎታ ነው። ግን ዓላማችሁን አትርሱ። ዓላማው ድስቱ እንዲሄድ ነው። ለጥቂት ብር ተከራክራችሁ ዕቃውን መልሳችሁ ቤት ካስገባችሁ ያሸነፈው ድስቱ ነው። ቆራሌውም ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ፣ በተለይ ከነሳጥኑ ከሆነ፣ ለቆራሌ ከመስጠት ለግሮሰሪው መመለስ ይሻላል። ማስያዣው ዋጋ አለው።

ልዋጭ የሚሉት ደግሞ ያረጀ ልብስና ጫማ ወስደው በምትኩ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ፣ ሳህን ይሰጣሉ። ደስ የሚል ንግድ ነው፣ እናቶቻችን ይወዱታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ወጥመድ አለው፤ ሦስት ሱሪ ወጥቶ ሁለት ሳፋ ይገባል። አሮጌው ሳፋ ካልሄደ አዲሱን አትቀበሉ።

ብፌው ውስጥ ያለው የእንግዳ ዕቃስ?

እሱን አውጥታችሁ ተጠቀሙበት። በሠርጋችሁ የተሰጣችሁ የብርጭቆ ስብስብ ከነካርቶኑ ተቀምጦ፣ እናንተ ጆሮው በወለቀ ኩባያ ሻይ የምትጠጡበት ምክንያት ምንድነው? የዕለት ዕለቱን ያረጀ ዕቃ አስወጡና የእንግዳውን ወደ ታች አውርዱት። ከዚህ ሁሉ ምክር ሰው ቶሎ የሚደሰትበት ይሄኛው ነው። ይሰበራል? አዎ፣ አንዳንዱ ይሰበራል።

እናቴ ምንም አታስነካኝም። የተሰበረ ጀበና እንኳ "ይቀመጥ" ትላለች። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የማታደርጉትን ልንገራችሁ፤ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቃችሁ አትጣሉ። ያወቀች ዕለት ነገሩ ስለ ጀበናው መሆኑ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባዶ ጠርሙስ እንኳ በቁልፍ ነው የምታስቀምጠው።

የእናቶች "ይቀመጥ" ብዙ ጊዜ "ለማን ይሰጣል?" ማለት ነው። "እማዬ፣ ይሄን እንጣለው?" ስትሏት መልሱ ከመጠየቃችሁ በፊት የታወቀ ነው። "እማዬ፣ ይሄን ብርድ ልብስ አገር ቤት ላሉት እንላከው? ብርዱ እየመጣ ነው" ብትሏት ግን እሷው ራሷ ሌላ ሁለት ታወጣለች። ቆጥ ላይ ያለውን ሁሉ ታስታውሳለች፣ "ለእገሊት ልጅ ደግሞ ያቺ ሻንጣ ትሁን፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል" ትላለች። ቁልፉ ይሄ ነው፤ ዕቃው ለማን እንደሚሄድ እሷ ትወስን። መስጠት ስትችል መጣል ያማታል፤ እኛንም ቢሆን ያመናል።

ሌላው ዘዴ ለዕቃው አዲስ ሥራ መፈለግ ነው። የተሰበረው ጀበና አፉ በአፈር ተሞልቶ የጤና አዳም መትከያ ሲሆን አይቻለሁ። ይሄ መሸነፍ አይደለም፣ ጀበናው ሥራ አገኘ።

አባት ጋ ሲኬድ ጉዳዩ ብሎንና ሚስማር የሞላበት ጣሳ ነው። የዛገ ቁልፍ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ማጠፊያ፣ ግማሽ ቧንቧ። አንድ ጣሳ ፍቀዱለት። ሁለተኛውን ተደራደሩ።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር። የምትወዱት ሰው የሚበሰብስ ነገር ጭምር ማስወጣት ካቃተው፣ አልጋው ላይ የሚተኛበት ቦታ እስኪጠፋ ከከመረ፣ አንድ ወረቀት ሲነካበት ከተንቀጠቀጠ፣ ያ የጽዳት ጉዳይ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያየው ሕመም ሊሆን ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታልን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ቦታዎች አሉ፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሟች ልብስ መቼና እንዴት ይሰጣል?

ማንም ሊያስቸኩላችሁ አይገባም። በብዙ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ እስከ አርባው ይጠበቃል፣ ከዚያ ለነዳያን ይሰጣል። በሙስሊሙም ዘንድ ለሟች ብሎ ሰደቃ መስጠት የተለመደ ነው። ያ ልማድ ሸክሙን ያቀልላል፤ ልብሱ "ተጣለ" አይባልም፣ በሟች ስም ተሰጠ ነው የሚባለው።

ብቻችሁን አትክፈቱት። ሟችን የሚያውቅ፣ ግን ከእናንተ ያነሰ ሐዘን ያለበት ሰው ይኑር፤ የአጎት ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛ። ኪስ ሁሉ ይፈተሽ። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚገኘው፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ አንዳንዴም ማንም የማያውቀው የብድር ውል ይገኛል። ከዚያ አንድ ነገር ለራሳችሁ ያዙ። ጋቢው ይሁን ነጠላው፣ የምትለብሱት ነገር ቢሆን ይመረጣል።

የቀረው ለማን እንደሚሰጥ ምረጡ። የአባታችሁን ኮት ሰፈር ውስጥ በየቀኑ ሰው ለብሶት ማየት የሚያጽናናው ሰው አለ፣ የሚያሳምመውም አለ። የትኛው እንደሆናችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በስጦታ የመጣ ዕቃን ለሌላ መስጠት ነውር ነው?

ለሰጪው ራሱ እስካልመለሳችሁት ድረስ አይደለም። ቀልድ ይመስላል፣ ይደርሳል። ከዚያው የዘመድ ክበብ ውጪ ላለ ሰው ስጡ፣ ውስጡ የተጻፈበት ካርድ አለመኖሩን እዩ። ሰጪው ስጦታውን ሲሰጥ ፍቅሩን ገልጿል፤ ያ ያን ዕለት አልቋል። ከእንግዲህ የአበባ ማስቀመጫውን አቧራ እያራገፋችሁ ውለታ አትመልሱም።

ልብስ ለማን ልስጥ? እንዴትስ?

ለወሳጁ ክብር ያለው አሰጣጥ ያስፈልጋል። ታጥቦ፣ ዚፑ ተሠርቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ተጣጥፎ። ብል የበላው ሹራብ፣ ክርፋቱ የማይለቅ ጫማ ለሰው አይሰጥም፤ እሱ የልዋጭ ነው ወይም የወለል መወልወያ። ቤታችሁ ለምትሠራ ልጅ ወይም ለጥበቃው ስትሰጡም "ከፈለግሽው" ብላችሁ ስጡ፣ እንቢ ማለት ትችል። አሮጌ ልብስ ደግሞ የደመወዝ ጭማሪ አይደለም። ይሄን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዛት ካለው እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ድርጅቶች ልብስ ይቀበላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አሁን የሚያስፈልጋቸውን ጠይቁ። የወንድ ሹራብና ብርድ ልብስ የሚፈልጉ ሰዎች ጋ የራት ቀሚስ ጭናችሁ እንዳትሄዱ። የልጅ ልብስ ግን ድርጅት ድረስ አይደርስም፤ ከጎረቤትና ከዘመድ መካከል ሁሌም የወለደች አለች።

ለሐበሻ ቀሚስ ሌላ መንገድ አለ። ጨርቁ ቢያልቅም ጥለቱ አያልቅም። ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት፣ ለልጅ ቀሚስ ወይም ለትራስ ልብስ ይሆናል። ግን ሰፊው ጋ የምትወስዱበትን ቀን ዛሬ ቁረጡ። "አንድ ቀን አሰፋዋለሁ" ተብሎ የተቀመጠ ጨርቅ ስንት እንዳለ ቁም ሳጥናችሁን ጠይቁ።

በኦንላይን ብሸጠውስ?

ለሶፋ፣ ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሕፃን አልጋና ጋሪ ይሆናል። በቴሌግራም ያገለገሉ ዕቃዎች ቻናል፣ በጂጂ ወይም በፌስቡክ መለጠፍ ይቻላል። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ጭረቱንም አሳዩ፣ ዋጋውን ጻፉ። "በውስጥ አናግሩኝ" የሚል ማስታወቂያ ሰውን ያሸሻል።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ገዢው "ልኬያለሁ" ብሎ የሚያሳያችሁን ስክሪንሾትም ሆነ አጭር መልእክት አትመኑ፣ ሁለቱም ሊቀነባበር ይችላል። የራሳችሁን የባንክ መተግበሪያ ወይም ቴሌብር ከፍታችሁ ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን ሳታዩ ዕቃው ከበር አይውጣ። ሁለተኛ፣ የማታውቁትን ሰው ብቻችሁን ሆናችሁ ቤት አታስገቡ።

ገደብም አድርጉበት። በሁለት ሳምንት ካልተሸጠ ይሰጣል። አለዚያ "ለሽያጭ" የተባለው ዕቃ ሳሎን ላይ ተቀምጦ ዓመት ያከብራል። ዋጋ ላይ ደግሞ ራሳችሁን አታታልሉ። የገዛችሁበት ዋጋ ለገዢው ምኑም አይደለም።

የተቃጠለ ቴሌቪዥን፣ የሞተ ስልክ፣ የቻርጀር ክምር ምን ይደረግ?

ስልክ ጠጋኞች የሞተ ስልክ ለመለዋወጫ ይወስዳሉ። ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና የስልክ ቁጥሮችን ወደ ሌላ ቦታ አውጡ፣ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ ንቀሉ፣ የሚበራ ከሆነ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ያለበትን ስልክ እንደዋዛ አትስጡ።

ያበጠ የስልክ ባትሪ ካገኛችሁ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል። ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡና ለጠጋኝ አሳዩ። ያ ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ደግሞ መስታወቱ እርሳስ አለበት፤ ልጆች ይጫወቱበት ብላችሁ ግቢ ውስጥ አትጣሉት፣ አትስበሩት። ሙሉውን እንዳለ ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ወይም ለቆራሌ ስጡ።

ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። የሚሠሩትን ለዩ። ሌላው የመዳብ ሽቦ ነው፣ ቆራሌው ያውቀዋል።

ወረቀትና መጽሐፍስ?

የቤት ካርታ፣ የሽያጭና የኪራይ ውል፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የኮንዶሚኒየም ክፍያ ደረሰኝ፣ ብድር የተዘጋበት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይወጣም። በአንድ ፋይል ይሁን፣ ቦታውን ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው። የሠርግ መጥሪያ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የሌለ ሬዲዮ መመሪያ ይሂድ። ስምና የሒሳብ ቁጥር ያለበትን ቅደዱት።

የትምህርት መጽሐፍ ከእናንተ ልጅ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚማር ልጅ ያለው ጎረቤት ይፈልገዋል። ሌላውን መጽሐፍ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ሲደራጅ ከሕዝብ መጽሐፍ ተሰብስቦለታል።

አያታችሁ የተዉት የብራና መጽሐፍ ካለ ግን ቆም በሉ። ለማንም "አሮጌ ዕቃ እገዛለሁ" ባይ አትስጡ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወስዳችሁ አሳዩ።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትስ?

ለማንም አይሰጥም። "ለራስ ምታት ይሆናል" ተብሎ ለጎረቤት አይታደልም። ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ እነሱ በሚሏችሁ መንገድ አስወግዱ።

ውጭ ያሉ ዘመዶች በየዓመቱ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ያመጡልናል። እንዴት እንቢ ይባላል?

እንቢ አይባልም። ግን ቀድሞ ይነገራል። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለች እህት ሱቅ ውስጥ ቆማ "ምን ልውሰድላቸው?" ስትል የምታስታውሰው የዛሬ አምስት ዓመት ልካችሁን ነው። ትኬት ቆረጥኩ ስትላችሁ የልጆቹን የጫማ ቁጥር፣ የአባባን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ የሚያስፈልገውን ቪታሚን ላኩላት። እሷም ትገላገላለች፤ ሻንጣዋ በኪሎ የተወሰነ ነው። የመጣው ከበዛ ደግሞ እሷ እያለች አብራችሁ አካፍሉት። ከሄደች በኋላ ቆልፋችሁ ካስቀመጣችሁት "እህቴ ያመጣችው" ይሆንና ማንም አይነካውም።

ካወጣሁ በኋላ ተመልሶ ይሞላል። ምን ላድርግ?

መሙላቱ አይቀርም፣ ኑሮ ነው። ሁለት ነገር ያግዛል። በር አጠገብ አንድ ካርቶን አስቀምጡ፣ መውጣት ያለበት ሁሉ እዚያ ይግባ፣ ሲሞላ ይሂድ። ሌላው የገበያ ዘንቢል ነው። ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል ዘንቢሉ እንደ ድሮው መመለሱ አይቀርም። ያ ፌስታል በፌስታል የታጨቀበት ጥግ በዚሁ ይገላገላል።

ሁሉም ወሳጅ አግኝቶ አንድ የተበሳ ሶፋ ቀረኝ። ማንም አይፈልገውም። ልጣለው?

ከመጣላችሁ በፊት ሶፋ ሠሪ አሳዩት። ጨርቁና ስፖንጁ ቢያልቅም እንጨቱ ደህና ከሆነ ይወስደዋል፣ ወይም አዲስ ከሚገዛበት ዋጋ ባነሰ ያድስላችኋል። አናጢም እንጨቱን ይፈልግ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ በሰፈራችሁ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን የማኅበር ልጆች አነጋግሩ። የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ትከፍላላችሁ፤ ያ ግን ለዕለት ቆሻሻ ነው። ሶፋ ለብቻው ጉልበት ይጠይቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። በሌሊት ገንዳ አጠገብ ጥሎ መሄድ የሚቀናው አለ፤ ገንዳው ላይ የሚሠሩትን ሰዎች እጅ አያይም ማለት ነው። ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው የሞተው እዚያ ሥር ሰው ስለሚኖርና ስለሚሠራ ነው። የከተማው ቆሻሻ ዛሬም በሰው እጅ ይለያል። ስለዚህ ከሶፋው የወጣ ሚስማርና ሽቦ፣ የተሰበረ መስታወትና ጠርሙስ በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታስሮ፣ ላዩ ላይ "መስታወት" ተብሎ ተጽፎ ይሰጥ። ለልጆቹም በቃል ንገሯቸው።